ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ በቤት ውስጥ የሚጠበቀው ሕይወት

አዲስ አበባ፦ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ በሚገኘው የልብ ሕክምና ማዕከል ተራ የሚጠብቁ ወላጆች አንድ የጋራ ምኞት አላቸው፤ የልጃቸው ስም ተጠርቶ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ ማየት። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ተራው ደርሶ ሕክምናው በሰላም ሲጠናቀቅ ቤተሰብ እፎይ ይላል፤ ጎረቤትም «እንኳን ማረህ» እያለ ይጎርፋል።

በዚህ ደስታ መካከል ግን አንድ ትልቅ ጉዳይ ይዘነጋል። የቀዶ ሐኪሙ ሥራ በሰዓታት ይጠናቀቃል፤ የታካሚውና የቤተሰቡ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። በብዙ ድካም የተገኘው ሕክምና ፍሬ ማፍራቱ ወይም መባከኑ በእጅጉ የሚወሰነው ከሆስፒታሉ በር ውጭ ነው።

ውድ ዕድል

በኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት የተደራጀ እንቅስቃሴ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1989 በሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት ነው። ማዕከሉ በ2009 ሥራ እስኪጀምር ድረስ ሕፃናት ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ከዚያም ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች በየጊዜው እየመጡ ሲያክሙ ቆይተው፣ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ሠልጥነው ሥራውን በራሳቸው እጅ ማከናወን ችለዋል። ይህ ትልቅ እመርታ ነው። ያም ሆኖ ተራ የሚጠብቁት ሕሙማን በሺዎች ይቆጠራሉ።

በበለጸጉ አገሮች ደረታቸው ተከፍቶ የሚታከሙት በአብዛኛው የልብ ደም ሥራቸው የጠበበባቸው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። በእኛ አገር ግን ሕሙማኑ በብዛት ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው፤ ከፊሎቹ ከነችግሩ የተወለዱ፣ ሌሎቹ ደግሞ በልጅነታቸው የያዛቸው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ የልባቸውን ቫልቭ የጎዳባቸው ናቸው። ስለዚህ ማገገም ማለት የጥቂት ወራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለብዙዎቹ ገና ብዙ አሥርት ዓመታት የሚቀሩት ሕይወት ጥበቃ ነው።

ሃያ ሊትሩ ጀሪካን

ጉዳዩን ለመረዳት በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘውን አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማን መመልከት ይበቃል። አካባቢው የፋብሪካዎች መንደር ነው፤ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን አስጠልለዋል፤ ዳርቻው ላይ ደግሞ እርሻ አለ። ከክልል ለሕክምና የመጣ ሰውም ከሆስፒታል ሲወጣ ቀጠሮው እስኪያልቅ የሚያርፈው እንዲህ ባለ የከተማ ዳር በሚኖር ዘመዱ ቤት ነው።

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የደረት አጥንት ለሁለት ተከፍሎ ሲያበቃ በሽቦ ይታሰራል። አጥንቱ መልሶ እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ይወስዳል፤ ጥንካሬው የሚመለሰው ደግሞ በ3 ወር ገደማ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ሐኪሞች ታካሚው ከ5 ኪሎ ግራም በላይ እንዳያነሳ፣ እንዳይገፋና እንዳይጎትት ይመክራሉ። በውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ከተፈቀደው አራት እጥፍ ማለት ነው። ውኃ በተቋረጠ ቀን አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ጀሪካን ተሸክማ መውጣት የለመደች እናት «ዛሬ ተሽሎኛል» ብላ ብትነሳ የተሰፋው አጥንት ሊላቀቅ ይችላል። በደረጃው ቀስ ብሎ፣ እያረፉ መውጣት አይከለከልም፤ የተከለከለው ሸክሙ ነው። በሰው የተጨናነቀ ታክሲ ወይም ባቡር ውስጥ መጋፋትም ለደረት አደጋ አለው።

አርሶ አደሩ ዘንድ ፈተናው በሌላ መልክ ይመጣል። በሚያዝያ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሰኔ ሲገባ ሞፈር መጨበጥ የለበትም። መሬቱ ጦም እንዳያድር መፍትሔው ከባህላችን ውስጥ አለ፤ ደቦና ወንፈል ለዚህ ጊዜ ካልሆኑ ለመቼ ይሆናሉ? ዕድሮቻችንም ሲሞት ከመቅበር አልፈው ያገገመውን ሰው ለጥቂት ወራት ቢደግፉ ድንኳኑን ለሐዘን መትከል ሊዘገይ ይችላል።

ታካሚው ግን ተኝቶ ይዋል ማለት አይደለም። በየቀኑ በመጠኑ መራመድና እርምጃውን ቀስ በቀስ ማርዘም የሕክምናው አካል ነው። ሲያስል ትራስ ደረቱ ላይ ማቀፍ ሕመሙን ያቀልለታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ ሆድ መባስና ያለ ምክንያት ማልቀስም ያጋጥማል፤ ቤተሰብ ይህን እንደ ምስጋና ቢስነት ሊቆጥረው አይገባም። ጠያቂ ማብዛቱም መልካም ልማድ ቢሆንም ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ከደጅ ቢመለስ ለታካሚው ይበጀዋል።

ኪኒኑና የጎመን ወጡ

ከሁሉ የሚከብደው የሰው ሠራሽ ብረት ቫልቭ የተተከለላቸው ሕሙማን ጉዳይ ነው። ደማቸው ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልካቸውን በየቀኑ መውሰድ አለባቸው። መድኃኒቱ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ቫልቩን ሊያቆመው ወይም ወደ አንጎል ሄዶ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ሲበዛ ደግሞ ደም ይፈስሳል። ልኩ የሚታወቀው አይኤንአር በተባለ የደም ምርመራ ብቻ ነው። መድኃኒቱን በማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ 1 አካባቢ ሲሆን፣ በግራ የልብ ክፍሎች መካከል የብረት ቫልቭ ለተተከለለት ሰው ብዙውን ጊዜ ከ2 ነጥብ 5 እስከ 3 ነጥብ 5 እንዲሆን ይፈለጋል።

ይህን ቁጥር የኛው ማዕድ ሊያዛባው ይችላል። ጎመንና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች በያዙት ቫይታሚን ኬ ምክንያት የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጎመን የሚያዘወትር፣ ለፋሲካ ደግሞ በአንዴ ወደ ሥጋና ቅቤ የሚመለስ ታካሚ የደሙ ልክ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ምክሩ ጎመንን መተው ሳይሆን መጠኑን ዓመቱን ሙሉ አለማለዋወጥና አመጋገብ ሲቀየር መመርመር ነው። ጾምን በተመለከተ ክርስቲያኑ ከንስሐ አባቱ፣ ሙስሊሙም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር፣ ሁለቱም ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው መመካከር ይኖርባቸዋል።

ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚገዙ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ። በብዛት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽና ሌሎች የባህል መድኃኒቶችም ለሐኪም ሊነገሩ ይገባል። እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምትና ሳያማክሩ ጥርስ ማስነቀል ለእነዚህ ሕሙማን ፈጽሞ አይመከሩም፤ ደም ከማፍሰሳቸው ሌላ ቫልቩን የሚያመረቅዝ ጀርም ሊያስገቡ ይችላሉ። ወጣት ሴቶች ደግሞ ከመፀነሳቸው በፊት ሐኪም ማማከር ግድ ይላቸዋል፤ ዋርፋሪን ፅንስን ይጎዳል፣ በራስ ፈቃድ ማቋረጡም እናትን ሊገድል ይችላል።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የፔኒሲሊን መርፌ ነው። በጉሮሮ ሕመም መዘዝ ልቡ የተጎዳ ሰው ቫልቩ ቢቀየርለትም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው መርፌ አይቋረጥም። «ልቤ ተጠግኗል» ብሎ የሚያቆም ሰው በሽታውን ዳግም ይጋብዛል።

መቼ ይሮጣል?

ሙቀት ከ38 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ቁስሉ ሲቀላ ወይም ፈሳሽ ሲያወጣ፣ የደረት አጥንት ሲንቀጫቀጭ፣ እግር ሲያብጥ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ክብደት በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ሲጨምር፣ ሽንት ወይም ሰገራ ደም ሲቀላቀልበት፣ ፊት ሲጣመም ወይም አንደበት ሲያያዝ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ተቋም መድረስ ያስፈልጋል።

የሚቀረው የቤት ሥራ

የታካሚው ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። በየጥቂት ሳምንቱ ለአንድ የደም ምርመራ ከወልዲያ ወይም ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ መመላለስ ለአርሶ አደር የሚቻል አይደለም፤ ለአቃቂ ነዋሪም ቢሆን የሥራ ቀን የሚበላ ነው። ክትትሉ ወደ ታካሚው መቅረብ አለበት። በአቃቂ ቃሊቲ በቻይና መንግሥት ድጋፍ የተገነባውን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልን የመሰሉ ተቋማትና በክልል የሚገኙ ሆስፒታሎች ምርመራውንና መድኃኒቱን ሳያቆራርጡ ቢያቀርቡ የብዙዎች ሕይወት ይጠበቃል። ከ20 ዓመት በላይ የቤት ለቤት ልምድ ያካበተው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የአደጋ ምልክቶችን ለይቶ ለማሳወቅና መርፌ የቀረበትን ለማስታወስ ምቹ መንገድ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እየሰፋ ሲሄድም የድኅረ ቀዶ ሕክምና ክትትል ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ነው።

የችግሩ ምንጭ ግን ከዚያም ይቀድማል። በየካቲት 2007 ዓ.ም. የአፍሪካ ባለሙያዎች በዚህችው አዲስ አበባ ተሰብስበው በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት የሚያስችል የጋራ መግለጫ አውጥተዋል፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት 2010 ዓ.ም. ጉዳዩን በውሳኔ አጽንቶታል። መነሻው ቀላል ነው፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን አሞት ሲያተኩሰው በጊዜው በፔኒሲሊን ማከም። በጤና ጣቢያ የሚሰጥ አንድ መርፌ ደረት ከመክፈት፣ ዕድሜ ልክ ኪኒን ከመዋጥና ከዓመታት ደጅ ጥናት ያድናል።

ልጁ የተፈወሰለት ቤተሰብ ኪኒኑን በሰዓቱ እየሰጠ፣ ጎረቤቱም ጀሪካኑን እየተሸከመለት የቆየ እንደሆነ፣ ማዕከሉ በብዙ ድካም የዘረጋው እጅ ፍሬ ያፈራል።