ውሻ ይዘን የት እንደር?

ጥያቄው ቅንጦት ይመስላል። «አገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ውሻ ይዞ ድንኳን መጣል ምን ይሉታል?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እናቴ አንዷ ናት። ግን ቅዳሜና እሁድ ድንኳን ተሸክሞ ከሸገር መውጣት የፈረንጅ ጨዋታ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ጓደኛ ከጓደኛ ብር አዋጥቶ፣ ሚኒባስ ተከራይቶ፣ ሌሊቱን እሳት ዳር አሳልፎ ይመለሳል። ውሻ የሚያሳድገው ወጣትም በዝቷል፤ ግቢ ታስሮ ሌባ እንዲያባርር ብቻ ሳይሆን ስም ያለው፣ መኪና ላይ የሚወጣ፣ ባለቤቱ ሲያመሽ የሚያኮርፍ ውሻ። እነዚህ ሁለት ልማዶች አንድ ቀን መገናኘታቸው አይቀርም ነበር። ተገናኙ፤ ጥያቄውም መጣ።

ለነገሩ «ካምፒንግ» የሚለውን ቃል ከውጭ አመጣነው እንጂ ነገሩ የእኛው ነው። «ሰፈር» የምንለው እኮ «ሰፈረ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ሠራዊት ድንኳኑን የሚተክልበት ቦታ ማለት ነበር። አዲስ አበባ ራሷ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በምኒልክ ግቢ ዙሪያ ከሰፈሩባቸው ቦታዎች ተነሥታ ነው ከተማ የሆነችው። በቅሎውም፣ በጉም፣ ውሻውም አብሮ ይሰፍር ነበር። ዛሬም ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የወረደ ሰው የምዕመኑን ድንኳንና ለስለት የመጣውን በሬ ጎን ለጎን ያያል። እኔ የምኖርበት ዊንጌት ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት ነው፤ ሰውዬው በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከሱዳን ተነሥቶ በጎጃም ሲገባ ስንቁን ያስጫነው በሺዎች በሚቆጠሩ ግመሎች ነበር። አብዛኞቹ ግመሎች መንገድ ላይ አለቁ። (ስለዚህ ከእንስሳ ጋር በመስፈር ረገድ የሰፈራችን ታሪክ ብዙም አያኮራም።)

ወደ ጉዳዬ። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ድንኳን ለመትከል አስበን ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ሎጅ ደወልኩ። ውሻ ይዘን መምጣት እንችል እንደሆነ ጠየቅሁ። «ችግር የለም እህቴ፣ ኑ» ተባልኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ዘበኛው ቡቺን አይቶ «ይቺን ደግሞ ማን ፈቀደላችሁ?» አለ። ስልክ ተደወለ፣ ተጨቃጨቅን፣ ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምን። መጨረሻ ላይ ኃላፊ ነኝ ያለ ሰው መጣና «ትንሽ ስለሆነች ትግባ» ብሎ ፈረደ። ቡቺ ትንሽ አይደለችም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ተከትባ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ የክትባት ካርዷ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እንግዲህ የእኔ ቅሬታ መከልከሉም መፈቀዱም ላይ አይደለም። ሁለቱም በሰው ፊት እየታዩ መሰጠታቸው ላይ ነው።

መከልከል ያለበት ቦታ ላይ ይከልከል። ከውሻ ወዳድ ጓደኞቼ ጋር የምጣላው እዚህ ጋ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ሳንቃ በር ወይም ጨነቅ ድንኳን ተክሎ ማደር አለ (ዛሬ ከውሻው በፊት የሚጠየቀው የመንገዱ ሰላም ቢሆንም)፤ ባሌ ተራሮችም ዲንሾ አለ። ወደ ብሔራዊ ፓርኮቹ ውሻ ይዞ መግባት ግን አይቻልም። እኔ ደግሞ እንኳንም አልተቻለ እላለሁ።

ምክንያቱ ቀይ ቀበሮ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ላይ ነው ያለው፤ የቀረው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ከፍታዎች ላይ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ተበታትኗል። ቀበሮ እንለው እንጂ በዘሩ የተኩላ ወገን፣ የውሻም የቅርብ ዘመድ ነው። ጉዱም ዝምድናው ላይ ነው፤ ውሻን የሚገድለው በሽታ እሱንም ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ፈጃቸው። በ2003 ተመልሶ መጣና በዌብ ሸለቆ ይኖሩ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። በ2008 እና በ2014 እንደገና። በመሐሉ በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ተራውን ወሰደ። አንድ መንጋ አገገመ ሲባል ሌላ ወረርሽኝ ይደርስበታል።

ቀይ ቀበሮ አይጥ ሊያድን ለብቻው ይውላል፤ ኑሮው ግን የመንጋ ነው። ጠዋትና ማታ ይገናኛል፣ አፍ ላፍ ገጥሞ ይሳለማል፣ ግልገሎቹን በጋራ ያሳድጋል። አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ በሙሉ ታመመ ማለት ነው። እኛ ለቅሶ ቤት ተሳስመን ጉንፋን ይዘን እንደምንመለሰው በሉት፤ ልዩነቱ የእነሱ ጉንፋን አይደለም።

የሚመጣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «ፓርኩ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ከብት ይግጣል፣ እረኛው ሁሉ ውሻ አለው፣ የእኔዋ ብቻ ምን አደረገች?» እውነት ነው፤ የባሌ አርብቶ አደር ውሻ አለው። ግን የእሱ ውሻ ሥራ አለው፤ ሌሊት ጅብና ነብር ከበረቱ ያባርራል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሰዎች ደግሞ መንደር ለመንደር እየዞሩ እነዚያን ውሾች ሲከትቡ ኖረዋል፤ ከ2018 ጀምሮ ሥጋ ውስጥ በተደበቀ ክትባት ቀበሮዎቹን ራሳቸውን መከተብ ጀምረዋል። ያ ሁሉ ልፋት ባለበት ቦታ እኔ ከከተማ ቡቺን ጭኜ የምሄደው ሰነቴ ላይ ፎቶ ልታነሣ ነው። ቡቺ ሥራዋ መተኛት ነው። «የእኔ ተከትባለች» ብልስ? በር ላይ የቆመው ስካውት የትኛው ካርድ እውነተኛ፣ የትኛው ፎርጅድ እንደሆነ በምን ይለየዋል? ዲግሪ ፎርጅድ በሚሠራበት አገር የውሻ ካርድ የሚከብድ አይመስለኝም።

ይህ የእኛ ብቻ ክፋት እንዳይመስላችሁ። ኬንያም ደቡብ አፍሪካም ብሔራዊ ፓርኮቻቸው ውስጥ የቤት እንስሳ አያስገቡም። ውሻ ከሰው እኩል ይከበርበታል የሚባለው አሜሪካ እንኳ የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ውሻ ካምፕ ቦታውና መኪና ማቆሚያው ድረስ ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ከመንገዱ 30 ሜትር ገደማ በላይ አይርቅም፣ ማሰሪያውም ከ1.8 ሜትር አይበልጥም፣ የእግር መንገዶቹ ላይ ጨርሶ አይወጣም። የሚያስቀናኝ በሜትር የተነገረ መሆኑ ነው። ባለ ውሻው ከቤቱ ሳይወጣ ያውቀዋል፤ የዘበኛ ፊት አያነብም።

አሁን ስለ ሰው። ከዊንጌት ብዙም ሳይርቅ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ፣ ፓስተር የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ሲሰሙ ሰባኪ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ የእብድ ውሻ ክትባት ለሰው የሰጠው የፈረንሳዩ ሉዊ ፓስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በስሙ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት እዚያ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው ማለት ነው። የአገሪቱ የእብድ ውሻ ክትባት ለአሥርት ዓመታት የተመረተው እዚሁ፣ ከበግ አንጎል ነበር። ሆድ ላይ ይወጋል፣ በየቀኑ፣ 14 ቀን። በእኛ ሰፈር ያደገ ልጅ ሁሉ «ውሻ ከነከሰህ ፓስተር ነው የምትወሰደው» እየተባለ ነው ያደገው፤ ከጅብ በላይ ያስፈራን የነበረው መርፌው ነው። የዘመኑ ክትባት ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። በሽታው ግን አልተለወጠም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ 99 በመቶው ከውሻ ነው የሚመጣው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ግምቱ ከ2 ሺህ በላይ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ይታወቃል፤ ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

ስለዚህ ካምፕ ቦታ ላይ ውሻችሁን አይቶ ድንኳኑን ነቅሎ ራቅ የሚል ሰው ስታዩ ፋራ ነው ብላችሁ አትሳቁበት። ፓስተርን ያውቀው ይሆናል። ወይም ሙስሊም ጓደኛችሁ ነው፤ ሊሰግድበት ያሰበው ልብስ የውሻ ምራቅ እንዲነካው አይፈልግም። ወይም ሕፃን ይዛ የመጣች እናት ናት። መሬቱን የተከራየነው በጋራ ነው። «የእኔ አትናከስም» የሚለው የባለ ውሻ ሁሉ መዝሙር ማንንም አያሳምንም፤ እኔንም አያሳምነኝም፣ የሌላ ሰው ውሻ ሲሆን።

እንግዲህ የቀሩት የግል ሎጆችና የሐይቅ ዳር ካምፖች ናቸው። የፓርኮቹ ምክንያት እነሱን አይመለከትም፤ አብዛኞቹ አጠገብ ቀይ ቀበሮ የለም። እነሱ ላይ ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። በር ላይ ካርድ ይጠይቁ፤ ዓመት ያላለፈው ክትባት ያላት ትግባ፣ የሌላት ትመለስ፣ ትንሽም ትሁን ትልቅ። ፎርጅድ ያመጣ ሰው አይጠፋም፤ እዚህ ግን የሚከፈለው ዋጋ በምድር ላይ የቀረ የመጨረሻ መንጋ አይደለም፤ ሎጁም ካርዱን ወደ ፈረመው የእንስሳት ሐኪም መደወል ይችላል። ከኩሽናውና ከሕፃናት መጫወቻው ራቅ ያለ አንድ ጥግ ለባለ ውሾች ይከልሉ። ውሻዋ ከዚያ ጥግ ውጭ ያለ ማሰሪያ አትንቀሳቀስ፣ ቆሻሻዋን ባለቤቷ ያንሣ። ጭማሪ ገንዘብ ይጠይቁም፤ እኔ በደስታ እከፍላለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ከመቆም ይሻላል። ይህ ቢለመድ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከተማ ውስጥ ውሻውን የማያስከትበው ሰው «ምን አገባኝ፣ ግቢ ውስጥ ናት» ይላል። ላንጋኖ ለመሄድ ካርድ ግድ ከሆነ ግን ያስከትባል። ጤና ቢሮ በማስታወቂያ ያላሳመነውን ሰው የሐይቅ ዳር ሽርሽር ያሳምነዋል።

ከተማው ውስጥስ? እኛ ዊንጌቶች ጫካው አናታችን ላይ ነው ያለው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሔክታር ነው፤ ግን የተከለለው ለዕፅዋት ጥበቃ ነውና ውሻ እንፍታበት ማለት ነውር ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ግማሹ ከተማ እዚያ ነው። ከአዳዲሶቹ የከተማ መናፈሻዎች አንዱ ላይ አጥር ያለው የውሻ ጥግ ቢሠራ ስል የሚስቅብኝ ሰው አለ። ነገሩ ግን ከካምፒንግ ጋር ይገናኛል። ዕድሜዋን ሙሉ ግቢ ታስራ የኖረች ውሻ ድንገት ሠላሳ ድንኳን መሐል ስትለቀቅ የምትሆነውን መገመት አይከብድም። ሰው መልመድ ያለባት እዚሁ ነው።

የመኝታ መኪናን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚነዱ ፈረንጆች ቤታቸውን ጎማ ላይ ጭነው በአገራችን ሲያልፉ ኖረዋል፤ ጣና ዳር ጎርጎራም ሲያርፉ ቆይተዋል። ለእኛ ግን መኪናው ራሱ ሕልም ነው። የዶልፊን ወንበር ነቅሎ ፍራሽ ያነጠፈ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ የእኛ አገር ካምፐር እሱ ነው። ለባለ ውሻ ከድንኳን የተሻለ መሆኑን ግን እመሰክራለሁ፣ በሩ ይዘጋል።

በሩ መዘጋቱ ትንሽ ነገር አይደለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን፤ ችግሩ ሁልጊዜ ከሄደ በኋላ አለመሆኑ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደውን ጅብ ሌሊት ከአልጋችን ሆነን የምንሰማ ሰዎች ይህን አንረሳም። ውሻን ከድንኳን ውጭ አስሮ መተኛት ለጅብ እራት ማቅረብ ነው፤ ማምለጥ እንኳ አትችልም። እናንተ ጋ ትተኛ፣ ወይም መኪና ውስጥ መስኮቱን ትንሽ ከፍታችሁላት። የተረፈ ሥጋና አጥንትም ውጭ አይደር።

እና ቦታ ስታፈላልጉ ስልክ ላይ «ውሻ ታስገባላችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ኑ» ማለት ምንም አያስከፍላቸውም። «የክትባት ካርድ ትጠይቃላችሁ?» በሉ። «የምን ካርድ?» ካሏችሁ ሌላ ቦታ ደውሉ፤ እናንተን ያልጠየቀ ሎጅ አጠገባችሁ ድንኳን የሚተክለውንም ሰውዬ አልጠየቀም።