እፎይታው ማን ቤት ገባ?



ከቢሾፍቱ፣ ከሞጆና ከአዳማ ወገኖቻችን ተደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። "በኮሮና ጊዜ መንግሥት ለኢኮኖሚው በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ለቀቀ ሲባል በሬዲዮ ሰምተናል። ታዲያ ከዚያ ውስጥ አንዲት ብር እንኳ እኛ ቤት ለምን አልገባችም?" የሚል ነው። ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩት ልጆቻችን ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ገብተው ይህንኑ ጥያቄ በክፍል ውስጥ እያነሡልን ነው። ነገሩ ስለ አለፈ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ወረርሽኝም ሆነ ሌላ ችግር ተመልሶ ሲመጣ ያው በር ለማን እንደሚከፈት ካሁኑ ማወቁ ስለሚበጅ በዚህ ወር ዓምዳችን ልናየው ወደድን።

እንደሚታወቀው በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቶች በቀናት ውስጥ ተዘጉ። መጋቢት 18 ቀን ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያውን የኢኮኖሚ እርምጃ ይፋ አደረገ። በዚያኑ ዕለት በዩናይትድ ስቴትስ 2.2 ትሪሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሕግ ተፈርሞ፣ ገቢው ከተወሰነ መጠን ላልበለጠ ለእያንዳንዱ አዋቂ ሰው 1,200 ዶላር፣ ለልጅ 500 ዶላር በቀጥታ እንዲላክ ተወስኗል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ደውለው "ቼክ ደረሰን" ሲሉን ብዙዎቻችን የእኛም መንግሥት እንዲሁ የሚያደርግ መስሎን ነበር። የእኛው ግን ሌላ ዓይነት ነበር።

የእኛ አገር እርምጃ ዋናው ክፍል ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች ያቀረበው 15 ቢሊዮን ብር ነው። ይህ ገንዘብ ለሕዝብ የሚታደል አልነበረም። ባንኮቹ ጥሬ ገንዘብ እንዳያጥራቸው፣ በዚህም የተነሣ ብድር ላለባቸው ደንበኞቻቸው የመክፈያ ጊዜ እንዲያራዝሙና ለተቸገሩትም ተጨማሪ እንዲያበድሩ ታስቦ የቀረበ ነው። ልብ በሉ፤ የመክፈያ ጊዜ የሚራዘምለት አስቀድሞ የተበደረ ሰው ነው። በዕቁብ ካፒታል ሱቅ የከፈተ ሰው፣ ከአጎቱ ተበድሮ ባጃጅ የገዛ ወጣት፣ ጀበናዋን ይዛ መንገድ ዳር የምትቀመጥ እናት ባንኩ ስማቸውንም አያውቅም። የዕቁብ ዳኛ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የለውም። ዕቁቡን አስቀድሞ የወሰደ ሰው ገበያው ቢዘጋበትም መጣል ነበረበት፤ ያልደረሰው ደግሞ ወሳጆቹ እንዳይቀሩበት ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላ ያድር ነበር።

በሙስሊሙ ነጋዴ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበር። ብድሩ የሚሰጠው በወለድ ነው። በጊዜው ለሆቴሎችና ለቱሪዝም ሥራ የታሰበው የማገገሚያ ብድርም ወለዱ ከተለመደው ዝቅ ተደረገለት እንጂ አልተነሣም። ከሪባ ለመራቅ ሲል ዕድሜውን ሙሉ ባንክ ያልተበደረ ሰው፣ እፎይታውም በዚያው በር ሲመጣ ሁለት ጊዜ ተዘለለ ማለት ነው። በርግጥ ብሔራዊ ባንክ ቀደም ብሎ በወጣ መመሪያ መሠረት ባንኮች ከወለድ ነጻ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቅዶ ስለነበር መስኮቶቹ በ2012 ነበሩ። ሐቁ ግን በእነዚህ መስኮቶች ከተቀመጠው የሙስሊሙ ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር በሙራበሓ ወይም በሌላ መንገድ ለደንበኛ ተመልሶ የሚወጣው አነስተኛ ነበር። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሥራ የጀመሩት ወረርሽኙ ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። አልሐምዱ ሊላህ፣ ዛሬ አሉ። ነገር ግን እነሱም ቢሆኑ ሒሳብና መዝገብ ሳያዩ ፋይናንስ አይሰጡም። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ወደ ከተማችን እንምጣ። ቢሾፍቱ ከማንም በፊት የተመታችበት ምክንያት ግልጽ ነው። የከተማዋ ኑሮ ከአዲስ አበባ ለቅዳሜና እሑድ በሚመጣ እንግዳ፣ በሆቴል ስብሰባና በሠርግ ላይ የቆመ ነው። የባቦጋያና የኩሪፍቱ ዳርቻ ሆቴሎች ባዶ ሲሆኑ አብሮ የቆመው የአስተናጋጁ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። ዓሣ አቅራቢው፣ አንሶላ አጣቢዋ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ለሆቴሉ እንቁላል የምታመጣው ባልቴት ሁሉ አብረው ቆሙ። ከእነዚህ ውስጥ መንግሥት ያወጣው ውሳኔ በስም የሚያውቃቸው ጥቂቶቹን ነው።

የአበባ እርሻዎቹ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው፤ በአካባቢያችን ብዙ ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በእነዚህ እርሻዎች ደመወዝ ነውና። በመጋቢት ወር የአውሮፓ የአበባ ገበያ ወድቆ በሆላንድ ጨረታ ላይ አበባ ይጣል ነበር። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ላኪዎች የውጭ ምንዛሬ እንዳያስቀሩ ሲል አበባ ከዚህ ዋጋ በታች አይሸጥም የሚል ዝቅተኛ ተመን ነበረው። ገበያው ከተመኑ በታች ሲወርድ ላኪው ወይ ሕግ መጣስ፣ ወይ አበባውን መጣል ነበረበት። መጋቢት 18 ከተነገሩት እርምጃዎች አንዱ ይህ ተመን ለአውሮፓ ገበያ እንዲነሣ ነው። ለመንግሥት አንዲት ሳንቲም አላስወጣም፤ ጋዜጦቹም ብዙ አላወሩለትም። በእኛ አስተያየት ግን ለቢሾፍቱና ለዝዋይ ሠራተኞች ከ15 ቢሊዮኑ ይልቅ የቀረበ ውሳኔ ይኸው ነበር።

ቀጥሎ ረመዳን ገባ። ያ ረመዳን መስጂዶች ተዘግተው ተራዊሕ በየቤቱ የተሰገደበት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሚያዝያ 22 ቀን፣ የግብር እፎይታው ተነገረ። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ የተጠራቀመ ውዝፍ የግብር ዕዳ ተሰረዘ። ከ2008 እስከ 2011 ያለው ደግሞ ወለዱና ቅጣቱ ተነሥቶ ዋናው ግብር ብቻ እንዲከፈል ሆነ። ከዚህም ሌላ በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ ቢያቆሙም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ መክፈል የቀጠሉ ድርጅቶች ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠውን የሥራ ግብር ለ4 ወር ለመንግሥት እንዳያስገቡ ተፈቀደላቸው።

የተቸገረ ባለ ዕዳን ማቆየት፣ ከቻሉም መማር በዲናችን የተወደደ ሥራ ስለሆነ በዚህ ውሳኔ ላይ ክፉ ቃል የለንም። ነገር ግን ነገሩን በጥሞና እንመልከተው። ግብሩን በየዓመቱ እየተበደረም ቢሆን ከፍሎ የኖረ ነጋዴ የሚሰረዝለት ዕዳ አልነበረውም። በደረጃ "ሐ" ውስጥ የነበረው ትንሽ ባለሱቅ በግምት የተጣለበትን ከፍሎ ይወጣ ስለነበር የአሥር ዓመት ውዝፍ የሚከማችበት ዕድል ጠባብ ነው። የ4 ወሩም እፎይታ የሚሠራው የደመወዝ መዝገብ ላለው አሠሪ ነው። ስለዚህ ውሳኔው በብዛት የጠቀመው ፋይል ያላቸውን፣ ከእነሱም ውስጥ ያልከፈሉትን ነው። "ሐቀኛው ምን ተጠቀመ?" ያላችሁን አንባቢዎች ቅሬታችሁ አግባብ ነው እንላለን።

ታዲያ ለድሃው ቤተሰብ ምንም አልነበረም ማለት ነውን? ነበር። የነበረው ግን ከገንዘብ ሚኒስቴር ሳይሆን ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ነው። አዋጅ ቁጥር 3/2012 መጋቢት 30 ቀን ታውጆ ሚያዝያ 2 ቀን በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ ቆይታውም 5 ወር ነበር። እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን መከልከሉን ሁሉም ያስታውሳል። በዚያው ደንብ ውስጥ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር መከልከሉን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ለተከራይ ቤተሰብ ይህ ከማንኛውም ቢሊዮን ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ችግር ፈጥረዋል። አንደኛው ማስረጃ ነው። አስተናጋጇ "ተሰናበትኩ" ብትል፣ አሠሪው "መቼ ቀጠርኳት?" ሊል ይችላል። ተከራዩ "ኪራዬ ይህን ያህል ነበር" ቢል፣ አከራዩ "የለም፣ ያን ያህል ነው" ሊል ይችላል። ውላቸው በቃል ነውና። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘና የተፈረመበት ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ይህን ደብዳቤ የጠየቀች አስተናጋጅ ግን እኛ አናውቅም። ዛሬም እህት ወንድሞቻችሁ ሆቴል ወይም እርሻ ሲቀጠሩ በመጀመሪያው ወር እንዲጠይቁት ንገሯቸው።

ሁለተኛው ችግር የአከራዩ ነው። በከተማችን አከራይ ማለት ሁልጊዜ ባለ ፎቅ ማለት አይደለም። ባሏ የሞተባት እናት ከግቢዋ ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርታ በዚያ ኪራይ የቲሞቿን የምታሳድግ ብዙ ናት። ሕጉ ተከራይዋን አታስወጪ ሲላት የእሷን ጾም ማን ያስፈታ? የአሜሪካው ሕግ ለተከራዩ ገንዘብ ልኮለት ነበር፤ የእኛው ሸክሙን ከመንግሥት ግምጃ ቤት አንሥቶ ግቢዋ ውስጥ አስቀመጠው። መንግሥት አቅሙ ስለማይፈቅድ ይሆናል፤ ቢሆንም የከፈለችው እሷ መሆኗ ሊታወቅላት ይገባል። በዚያን ጊዜ የሁለትና የሦስት ወር ኪራይ የማሩ አከራዮች እንዳሉ ብዙዎቻችን እናውቃለን። አላህ (ሱ.ወ.) በመዝገባቸው ይጻፍላቸው።

በቀጥታ ለድሃው ገንዘብ የሚሰጥበት አንድ መንገድም ነበር። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው መርሐ ግብር በ11 ከተሞች ተጀምሮ ስለነበር፣ ወረርሽኙ ሲገባ በውስጡ የታቀፉት ሰዎች የአካባቢ ሥራ ሳይወጡ የጥቂት ወር ክፍያቸው አስቀድሞ ተሰጣቸው። አዳማ ከ11ዱ አንዷ ነበረች። ቢሾፍቱ አልነበረችም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዲት ችግረኛ እናት አዳማ ብትኖር መዝገቡ ላይ ልትገኝ ትችል ነበር፤ ቢሾፍቱ ስለምትኖር ግን መዝገቡ ራሱ የለም። ለቢሾፍቱዋ እናት የቀረላት የጎረቤት ማዕድ፣ የመስጂድ ኮሚቴና ዘካ ነበር። ዘካውን ዓመቱ ሳይሞላ አስቀድመው ያወጡ ወገኖችም ነበሩ፤ ይህን ብዙ ዑለሞች ይፈቅዱታልና። እነዚህ ኮሚቴዎች ማን እንደተራበ የሚያውቁት ከመዝገብ ሳይሆን በር እያንኳኩ ነበር። እንዲያም ሆኖ አዲስ የገባ ተከራይ፣ ከዓረብ አገር በድንገት የተመለሰች ልጅ ከዓይናቸው ያመልጡ ነበር።

የቁርኣን ረጅሟ አያ፣ በሱረቱል በቀራ ያለችው 282ኛዋ፣ የምትናገረው ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን ልጆቻችን በመድረሳ ይማራሉ። ይሁን እንጂ ወንድም ከወንድሙ ጋር ሲዋዋል "እንጻፈው" ማለትን እንደ መጠራጠር ቆጥረን ስንፈራ እንኖራለን። በ2012 የተከፈለው ዋጋ አንዱ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመትም እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ የሚሠራበትን ከተማ የሚወስኑት ክልሎች ስለሆኑ በየወረዳችሁ መጠየቅ ያስፈልጋል። የፋይዳ መታወቂያም መጥቷል። መንግሥት ነገ ለቤተሰብ ገንዘብ ልላክ ቢል "ማን የት አለ?" የሚለውን ጥያቄ በከፊል ይመልሳል። ጀበና ይዛ የምትቀመጠው እናት ግን ፋይዳ ቢኖራትም የሥራዋ መዝገብ የለም። ለልጇ፣ ሁለተኛ ደረጃ ለገባው፣ የዕለት ሽያጭና ወጪዋን በደብተር እንዲጽፍላት ብንነግረው ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ቀደም ብለን ከወለድ ነጻ ባንኮችም መዝገብ ይጠይቃሉ ያልነው ይህን ነው።

በመጨረሻም ከሰርቪስ ቤት አከራዮች "ውል ከጻፍን ግብር ይመጣብናል" የሚል ሐሳብ ደርሶናል። ልንሸሽገው አንችልም፤ የኪራይ ገቢ ግብር አለበት። ግብሩ የሚመጣው ግን ከገቢው እንጂ ከወረቀቱ አይደለም። ውሉ ባይጻፍም ግዴታው አለ፤ የሌለው በክርክር ጊዜ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ተከራዩ ሦስት ወር ሳይከፍል ዕቃውን ጭኖ ቢሄድ ወረዳውም ሆነ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ውላችሁ የታለ?" ብሎ ነው።