ቅላፄ አገሩን አይረሳም

ከእናንተ ከአንባብያን መካከል አማርኛን ለሥራ ብላችሁ የምትማሩ ሹማምንት ብዙዎች ስለሆናችሁ፣ ዛሬ ስለ ቅላፄ ጥቂት ነገር ለማመልከት አስበናል።

የምሥራቅ ሱዳኗን ገዳሪፍን ምሳሌ እናድርግ። ስሟ በዐረብኛ የሚጻፈው «ቃፍ» በተባለው ፊደል ነው፤ የአገሩ ሰው ግን በ«ገ» ድምፅ ይጠራታል፤ እኛም ከአፉ ሰምተን ገዳሪፍ አልን። በመተማ ትይዩ ያለችው ገላባትም እንዲሁ ናት። ተምሮ የመጽሐፉን ዐረብኛ የሚናገር ሱዳናዊ እንኳ «ቃፍ»ን ብዙ ጊዜ «ጋይን» ወደሚባለው የጉሮሮ ድምፅ ያዘነብለዋል። ስለዚህ «ኢስቲቅላል» ማለትም ነፃነት፣ በአፉ «ኢስቲግላል» ማለትም ብዝበዛ መስሎ ይሰማል።

በእኛም ዘንድ ነገሩ ይኸው ነው። የአዲስ አበባ አነጋገር በራዲዮና በትምህርት ቤት እንደ ናሙና ቢቈጠርም፣ ጐንደሬውና ጐጃሜው «መጥቼ» በማለት ፈንታ «መጥቸ» ይላል። የትግርኛ ተናጋሪም አማርኛን አጥርቶ ቢያውቅ፣ «ዓለም» ሲል ብዙ ጊዜ «ዓ»ን ከጉሮሮው ያወጣዋል፤ አማርኛ ግን «አ»ንና «ዐ»ን በፊደል እንጂ በድምፅ አይለይም። ሆኖም ይኸው ሰው ገዳሪፍ ወርዶ ዐረብኛ ሲማር ጉሮሮው ይጠቅመዋል፤ አማርኛ ብቻ ሲናገር ያደገው ግን በዚያው ድምፅ ይቸገራል።

ምክንያቱም ቃልንና ሰዋስውን ሰው በፈቃዱ ይማራል፤ ድምፅ ግን ምላስ በሕፃንነቱ የለመደው ልማድ ስለሆነ፣ ለተናጋሪው ለራሱ አይሰማውም።

ይህ ነገር ቀልድ ብቻ አይደለም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 እንደተጻፈው፣ በዮርዳኖስ መሻገሪያ «ሺቦሌት» ማለት አቅቶት «ሲቦሌት» ያለ ሁሉ ይገደል ነበር። በዘመናችንም የድንበር መሻገሪያ ብዙ መከራ አይቷል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ በትግራይ ጦርነት ምክንያት በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ሠፈሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ብዙ ሰው በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ።

እንዲህ ባለ ቦታ ከመዝገብ ፊት የተቀመጠ ሹም ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቅላፄን ነው። ቅላፄ አፍ የተፈታበትን ስፍራ ሊያመለክት ይችላል፤ የሰውዬውን ዜግነት፣ ሐሳብና ጥፋት ግን አያስረዳም። የጐንደሬ ልጅ ሆኖ ገዳሪፍ ያደገ ሰው፣ አማርኛው ዐረብኛ ዐረብኛ ቢል የማን ልጅ መሆኑ አይጠፋም።

ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ ባለጉዳዩ ሲናገር አትሣቁበት፤ ያልተሰማችሁን ደግማችሁ በትሕትና ጠይቁት፤ ስሙንም እርሱ እንደሚጠራው ጻፉለት። በራሳችሁም ቅላፄ አትፈሩ፤ ነገሩ ግልጽ ከሆነ አማርኛችሁ አማርኛ ነው።