መራመድም ስፖርት ነው፤ በረመዳን ደግሞ ይበልጥ

ታላቁ የረመዳን ወር በገባ ቁጥር በብዙዎቻችን ቤት የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ወጣቶቹ መግሪብ ሳይደርስ ጫማቸውን አጥብቀው ለሶምሶማ ይወጣሉ። አባትና እናት «እኛስ ምን እንሥራ?» ብለው ሲጠይቁ «እናንተማ ትንሽ ወዲያ ወዲህ በሉ» ይባላሉ። ስፖርቱ የሯጮቹ ነው፤ ለቀሩት ግን መንቀሳቀስ ይበቃቸዋል እንደማለት ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። በሚገባ የተራመደ ሰው ስፖርት ሠርቷል። በጾም ወር ደግሞ ከአያት እስከ ልጅ መላው ቤተሰብ አብሮ ሊሠራው የሚችለው ስፖርት የእግር ጉዞ ነው ብለን እናምናለን።

ነገሩን ከአካባቢያችን እንጀምር። ፈረስ ቤት የደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ወደ እርሷ የሚጓዝ ሰው ወደ ደጋው ይወጣል። ስሟም ፈረስን ያነሳል። በጎጃም ደጋ ፈረስ የክብር ነገር ነበር፤ ያለው ይጋልባል፣ የሌለው በእግሩ ይከተላል። በእግር መሄድ የማጣት ምልክት ተደርጎ የኖረውም ለዚህ ይመስለናል። ዛሬ የፈረሱን ቦታ ባጃጅ ይዞታል። ከሱቅ እስከ ቤት፣ ከቤት እስከ መስጊድ አሥር ደቂቃ የማይሞላውን መንገድ ከፍለን እንሄዳለን። ገበሬው ወገናችን በገበያ ቀን አህያውን ጭኖ ረጅም መንገድ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ሲመለስ፣ እኛ ከመደርደሪያችን ኋላ ተቀምጠን እንውላለን። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ያለነው የነጋዴ ቤተሰቦች ኑሯችን ከዚህ የራቀ አይደለም። ስኳርና ደም ግፊት የሚባሉት ሕመሞች እንግዳ የሆኑበት ቤት ዛሬ ብዙ አይደለም።

ተቀምጦ መዋል እንደሚጎዳ በጥናት ከታየ ሰባ ዓመት አልፎታል። ጄረሚ ሞሪስ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1953 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች አነጻጽረው ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱት ሾፌሮች፣ የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች የበለጠ በልብ ሕመም ይጠቁ ነበር። ትኬት ቆራጮቹ ሯጮች አልነበሩም። ልዩነቱን ያመጣው የዕለት ሥራቸው እግራቸውን ማሠራቱ ነው።

ሩጫና እርምጃን ፊት ለፊት ያነጻጸረ ጥናትም አለ። ፖል ዊልያምስና ፖል ቶምፕሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 33,060 ሯጮችንና 15,045 ተራማጆችን ለስድስት ዓመት ያህል ተከታትለው ውጤቱን በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሁለቱ ወገኖች ያወጡት ጉልበት እኩል በሆነ ጊዜ የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና የስኳር ሕመም ስጋት በሁለቱም ዘንድ በተቀራራቢ መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። እዚህ ላይ «እኩል ጉልበት» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሯጩ በግማሽ ሰዓት የሚያወጣውን ጉልበት ተራማጁ ለማውጣት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ይህንኑ በደቂቃ አስቀምጦታል። አንድ አዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ፈጠን ያለ እርምጃ ከመካከለኛው፣ ሩጫ ከጠንካራው ይመደባል። በግርድፉ ሲታይ የአንድ ደቂቃ ሩጫ ሁለት ደቂቃ እርምጃ ያህላል ማለት ነው። ስለዚህ ሩጫ ትርፉ የጊዜ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለሠላሳ ደቂቃ የሚራመድ ሰው የመመሪያውን ዝቅተኛ ልክ ሞልቷል።

ይህን ስንል ሩጫን ማጣጣላችን አይደለም። የሯጮች አገር ልጆች ነን። ፋጡማ ሮባ በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ኦሊምፒክ የማራቶን ወርቅ ስታጠልቅ በርቀቱ ለአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ያ ቀን ዛሬም ያኮራናል። ሩጫ ልብንና ሳንባን በአጭር ጊዜ ያጠነክራል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንዳለባቸው፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስቱን ቀን ደግሞ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ እንደሚገባቸው ያው መመሪያ ይናገራል። ስለዚህ ልጆቻችን ይሩጡ፣ ኳስም ይጫወቱ። ጥያቄው ለዓመታት ተቀምጦ ስለኖረው የሃምሳ ዓመት ነጋዴ ነው። በሩጫ ጊዜ እግር መሬት በነካ ቁጥር የሰውነትን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሸከማል፤ በእርምጃ ጊዜ ግን ከራሱ ከክብደቱ ብዙም አይበልጥም። ያልለመደ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይህን ልዩነት ቶሎ ያውቀዋል። በዚያ ላይ በአገራችን ጾሙ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ያን ያህል ጊዜ ውኃ ያልቀመሰ ሰው ሮጦ ላብ ማፍሰሱ ብልህነት አይመስለንም።

ይሁንና ማንኛውም መንገድ ላይ መታየት እርምጃ አይባልም። በየሱቁ ደጃፍ እየቆሙ፣ ሰላምታ እየተለዋወጡ፣ ስልክ እያዩ መንሸራሸር ለመንፈስ ጥሩ ነው፤ ለልብ ግን ብዙም አይሠራላትም። መለኪያው ቀላል ነው። በደቂቃ መቶ እርምጃ ያህል የሚሄድ አዋቂ መካከለኛውን ልክ ይዟል። ሰዓት መያዝ ለማይወድ ደግሞ ሌላ መለኪያ አለ፤ እየሄዱ ማውራት ከተቻለ፣ መንዙማ ለማዜም ግን ትንፋሽ ካጠረ ፍጥነቱ ልክ ነው። የደጋው ዳገት ደግሞ የአላህ ስጦታ ነው። ዳገት ፈጠን ብሎ መውጣት የሚጠይቀው ጉልበት በሜዳ ላይ ከሚደረግ የዝግታ ሶምሶማ ጋር ይስተካከላል። በእኛ አገር ተራማጅ ሳይሮጥ የሯጭን ሥራ ሊሠራ ይችላል።

«ሱቅ ዘግቼ ግማሽ ሰዓት ከየት ላምጣ?» ለሚለውም መልስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ እንቅስቃሴ የሚቆጠረው ሳያቋርጥ አሥር ደቂቃ ሲሆን ነው ይል ነበር፤ በ2020 ይህን አንስቶታል። ትንንሹም ተደምሮ ይቆጠራል። ወደ ሱቅ ሲሄዱና ሲመለሱ ባጃጁን መተው ብቻውን የቀኑን ልክ ግማሽ ሊሸፍን ይችላል።

በረመዳን ዋናው ነገር ሰዓቱን መምረጥ ነው። ለሚጾም ሰው ሁለት ጊዜ እናያለን። አንደኛው ከመግሪብ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ፀሐዩ በርዷል፣ ውኃውም ቀርቧል፤ በዚህ ጊዜ ለዘብ ያለ እርምጃ ይበቃል። ሁለተኛውና የሚሻለው ከኢፍጣር በኋላ ያለው ነው። ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ሳምቡሳው ከተበላ በኋላ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወጣል። ሰው በዚያን ጊዜ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቢራመድ የሚሠራው ጡንቻ ስኳሩን ከደም እየሳበ ያቃጥለዋል፤ ከፍታውም ይቀንሳል። በልቶ ጋደም ማለት ግን ስኳሩን ባለበት ይተወዋል። ወደ ተራዊህ በእግር መሄድ በትክክል በዚህ ሰዓት ይውላል። ተራዊህ ራሱ መቆሙ፣ ሩኩዑና ሱጁዱ እንቅስቃሴ ነው፤ ለስኳር ሕሙማን የረመዳን መመሪያ የሚያወጡ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎችም ከቀኑ እንቅስቃሴ ይቆጥሩታል።

ስለ መስጊድ መንገድ ሃይማኖታችን ብዙ አስተምሮናል። የበኑ ሰሊማ ሰዎች ቤታቸው ከመስጊድ ስለራቀ ቀረብ ብለው ሊሰፍሩ ባሰቡ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባሉበት እንዲቆዩ፣ የእግራቸው ዱካ እንደሚጻፍላቸው እንደነገሯቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ለሰላት የሚመጣ ሰውም ሮጦ ሳይሆን በእርጋታ ተራምዶ እንዲመጣ አዘዋል። ይህ የአምልኮ ሥርዓት እንጂ የስፖርት ሕግ አይደለም፤ እኛም ወደዚያ አንለውጠውም። ግን ለቤታችን የሚሆን አንድ አሠራር ይሰጠናል፤ ስንሄድ በእርጋታ፣ ስንመለስ ፈጠን ብለን እንሂድ። ሐጅ ያደረጉ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ሲመላለሱ ጉዞው በአብዛኛው እርምጃ ነው፤ ወንዶች የሚፈጥኑት በአንዱ ክፍል ብቻ ነው። እርምጃና ሩጫ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ስፖርት ማለት ሩጫ ነው» ስንል ከቤታችን ማንን እያስወጣን እንደሆነ አስበን እናውቃለን? በትንሽ ከተማ ጎልማሳ ሴት በአደባባይ ብትሮጥ ስንት ዓይን እንደሚከተላት ሁላችንም እናውቃለን። ስትራመድ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። በረመዳን እናቶቻችን ከአስር እስከ መግሪብ ምድጃ ዳር ናቸው፤ ከኢፍጣር በኋላ ዕቃ ያጥባሉ፣ ለሱሁር ይነሳሉ። ይደክማሉ፤ ድካማቸው ግን ልብን ከሚያጠነክረው ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ አይቆጠርም። ወንዱ ተራምዶ፣ ሰግዶ፣ ንጹሕ አየር አግኝቶ ሲመለስ ሚስቱ ያለችው ያው ምድጃው ዳር ነው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ ጋር ሩጫ መወዳደራቸው የተዘገበበት ሃይማኖት ልጆች ሆነን፣ ባልና ሚስት አብረው መራመዳቸው እንደ አዲስ ነገር ሊታይ አይገባም። ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነው። የሚጠበሰው ዓይነት በአንድ ይቀነስ፤ ዕቃውን ልጆቹ፣ ወንዶቹም ጭምር ይጠቡ፤ እናትም ከቤተሰቡ ጋር ትውጣ። ሃያ ደቂቃ ለእርሷም ትገባለች።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው አሉ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ዳዎኒል ያለ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖች ስለ ጾሙም ስለ እንቅስቃሴውም አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ጣት ወግቶ ስኳርን መለካት ጾም እንደማያስፈታ ዑለማዎች ያስረዳሉ። ልኬቱ ከ70 በታች ከወረደ፣ ወይም ላብ ላብ ካለ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይን ከተጋረደ ጾሙን ወዲያው መፍታት ያስፈልጋል። አላህ ለታመመ ሰው ፈቅዷል።

ሌላው የአካባቢያችን ጉዳይ ጫማ ነው። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጠውን ዝሆኔ ያመጣል። መንስኤው በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ማዕድናት መሆናቸውን ኧርነስት ፕራይስ የተባሉት ሐኪም በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር አመልክተዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም በምዕራብ ጎጃም ደምበጫና በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል 3.3 በመቶው ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ መታጠብ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው እግር ማጠቡን ይዞታል፤ የቀረው ጫማው ነው። ለዒድ ልብስ ስንገዛ የልጆቹንና የቤት ሠራተኛችንን እግር እንመልከት። ዘካና ሰደቃ ስናወጣም ባዶ እግሩን የሚሄደውን ሰው አንርሳ።

የጸጥታው ሁኔታ ማታ መውጣት በማይፈቅድበት ቦታ መራመዱ ወደ ቀን ይዛወር፤ እርሱም ካልሆነ በግቢ ውስጥ መመላለስ ይቻላል። ለዚህ አሥር ሜትር ግቢ ይበቃል።

በእነዚህ ዓመታት ረመዳን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም ጋር ገጥሟል። በአንድ መንደር ሁለት ጾም አለ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በእግሩ የሚመለሰውና ማታ ወደ መስጊድ በእግሩ የሚሄደው በአንድ መንገድ ያልፋሉ፤ ሰላምታም ይለዋወጣሉ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ይህ አይገኝም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ማታ በአሥር ደቂቃ እንጀምር፤ በሳምንቱ አምስት እንጨምርበት። ወሩ ሲያልቅ እግራችን መንገዱን ይለምደዋል፤ ዒድ ካለፈ በኋላም እንዳናቆመው። ለመላው ሙስሊም ቤተሰቦች ጾሙን የጤናና የበረከት ያድርግልን። ረመዳን ሙባረክ።