ምንጩን አምጡ!

ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን ከአንዲት የቴሌቪዥን ቦክስ ጋር ተፋጦ ከረመ። መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን ናት። ስትገዛ አንድሮይድ ነበራት፤ ሻጩ “አፕዴት ይመጣላታል” ብሎን ነበር። አልመጣም። ወንድሜ ታዲያ ሊኑክስ ጫነባት። ምስሉ ሰራ፣ ድምጹ ሰራ፣ ሪሞቱ ሳይቀር ሰራ። ኢተርኔቱ ግን አሻፈረኝ አለ።

የእምቢታው ዓይነት ደግሞ! ገመዱን ስንሰካው መብራቷ ቦግ ትላለች፤ ሊኑክሱም በ1 ጊጋቢት ተገናኝቻለሁ ይላል። አይፒ አድራሻ ግን የለም። እማዬ “በርቷል እኮ፣ ምን ጎደለው?” ትላለች። (“በዋይፋይ ተጠቀሙ” ለምትሉ፦ የቤታችን ግድግዳ የጣልያን ጊዜ ነው፤ ሲግናል አያሳልፍም።)

ፍንጩ የተገኘው ወንድሜ ፍጥነቱን በግድ ወደ 100 ሜጋቢት ሲያወርደው ነው። ሰራ! ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1 ጊጋቢት ጊዜ ፕሮሰሰሩና የኢተርኔት ቺፑ የሚግባቡበት ሰዓት በሰከንድ 125 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። አንዱ ምት 8 ናኖሰከንድ ነው፤ በዚያች ውስጥ ዳታ ሁለት ጊዜ ይተላለፋል። ዳታው ተረጋግቶ እንዲነበብ የሰዓቱ ምት 2 ናኖሰከንድ ያህል መዘግየት አለበት። ማን ያዘግየው? ከርነሉ ውስጥ ዲቫይስ ትሪ በሚባለው ፋይል ላይ ይጻፋል። በኛ ቦክስ አንዱ ሌላውን ተማምኖ ማንም አላዘገየም። “እሱ ይከፍላል” ተባብለው ሂሳብ ሳይከፍሉ ከምግብ ቤት እንደወጡ ሁለት ጓደኛሞች በሉት።

ፓቹ አንድ መስመር ያጠፋል፣ አንድ መስመር ይጨምራል። ልዩነታቸው አንዲት ሰረዝና “አይዲ” የምትል ሁለት የላቲን ፊደል ናት። ከርነሉ ኮምፓይል እስኪሆን ላፕቶፑ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ (ደግነቱ መብራት አልጠፋም)። ጠዋት አይፒ አድራሻው መጣ።

ቤተሰቡ ወንድሜን መረቀ፤ እኔ ተናደድኩ። ያቺን ቃል አምራቹ ያውቃት ነበራ! የቦክሷ አንድሮይድም የሚሰራው በሊኑክስ ከርነል ነው፤ በሱ ጊዜ ኢተርኔቱ ደህና ነበር። ሊኑክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ጂፒኤል በተባለ ፈቃድ ነው የሚሰራጨው። ፕሮግራሙን ከዕቃ ጋር የሸጠ ሰው የምንጭ ኮዱንም ይሰጣል፤ አለዚያ “ጠይቁኝ፣ እሰጣለሁ” የሚል ቢያንስ 3 ዓመት የሚጸና ጽሑፍ ያያይዛል። በኛ ካርቶን ውስጥ የነበረው የዋስትና ወረቀት ብቻ ነው። ኢሜይል ጻፍን፤ ዝም።

ጋዜጠኛ ምንጩን የሚደብቅበት ምክንያት አለው፤ ምንጩ ሊታሰር፣ ከስራው ሊባረር ይችላል። የቦክስ ፋብሪካ ማንን ለማዳን ነው የሚደብቀው?

“ርካሽ ዕቃ ገዝታችሁ ምን ጠበቃችሁ?” ያለኝ ጓደኛ አለ። ፈቃዱ ለውድ ዕቃ ብቻ አይልማ! እ.ኤ.አ. በ2021 ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት የቴሌቪዥን አምራቹን ቪዚዮን ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲከስ፣ የቀረበው ቴሌቪዥን እንደገዛ ደንበኛ ነው። ካሳ አይደለም የጠየቀው፤ ኮዱን ነው። እኔም ከእንግዲህ ሱቅ ስገባ ከዋጋው ቀጥዬ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሻጩ ይሳቅብኝ።

ወንድሜ ግን ፓቹን በፍላሽ ይዞ ቁጭ አለ። “ላከው እንጂ!” ብለው “በአንድ መስመር ይስቁብኛል፤ እንግሊዝኛዬም…” አለ። ተጣላን። የሚቀጥለው ከርነል ያለዚያች መስመር ሲመጣ እንደገና ሊያቃስት ነው። ያችኑ ቦክስ የገዛ ሌላ ሰውም የሆነ ቦታ መብራቷን እያየ ግራ ተጋብቷል። አምራቹን ደብቀሃል ብለን ስናማው ከርመን እኛም ልንደብቅ?

ሐሙስ ማታ ማብራሪያውን ጻፈ፤ እኔ አረምኩለት (የጋዜጠኝነት ዲግሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤተሰቡ ጠቀመ)። በስሙ ፈርሞ ለከርነሉ ሰዎች ላከው። እስካሁን መልስ አልመጣም። በየአስር ደቂቃው ኢሜይሉን ይከፍታል።