ስለ ውሻ ከታቢዎችና ስለ ሠፈራችን ግሩፕ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ግቢ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ ጥበቃ የምንነጋገርበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ውሻ እናጥባለን፣ እንከትባለን የሚሉ ወጣቶች ያንኑ ማስታወቂያ በየማለዳው ስለሚደጋግሙበት ብዙው ጎረቤት ሳያነበው ያልፈዋል። ሥራ መፍጠራቸው የሚያስመሰግን ነው፤ አያያዛቸው ግን ገበያቸውን ያርቅባቸዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ለማለት ያስደፍራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታው እንዲገታ ከመቶ 70 የሚሆኑት ውሾች እንዲከተቡ ይመክራል። እንግዲህ ከታቢው የሙያ ፈቃዱን፣ ዋጋውንና የክትባቱን ማብቂያ ቀን በግልጽ ቢጽፍ፣ መድኃኒቱንም ቅዝቃዜው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚጠበቅ ሣጥን መያዙን ቢያሳይ፣ ደንበኛው ራሱ ፈልጎት ይመጣል፤ የረካ ጎረቤት ለጎረቤቱ ይነግራልና። በፌስታል አንጠልጥሎ የሚዞርም አይቻለሁ!

የግሩፑ ኃላፊዎችም ማስታወቂያውን ፈጽመው ከመከልከል ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን ቢፈቅዱላቸው መልካም ነው፤ ፈቃዳቸውን ሳያዩ ግን አያስገቧቸው። በዘበኞቹ በር የሚያድረውንና ባለቤት የሌለውን ውሻም በጋራ አዋጥተን እናስከትበው ዘንድ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ