ዉፈር በካርቶን አይገዛም

መርካቶ ሶማሌ ተራ ለመኪናው ሰብዉፈር ሊገዛ የሚገባ ሰው ቀድሞ የሚያየው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ነው። ይህ ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዉፈሩ ለቅጽበት የሚችለውን ጣሪያ እንጂ ያለማቋረጥ የሚሸከመውን ኃይል አይገልጽም። ዋናው መለኪያ «አርኤምኤስ» የሚባለው ነው። ኦሙም ይታይ፤ ከ4 ኦም በታች ለማይችል አምፕሊፋየር ባለ 2 ኦም ዉፈር ማሰር ለቃጠሎ መዳረግ ነው።

ሳጥኑስ? ድፍኑ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። መተንፈሻ ያለው በዚያው ኃይል ይበልጥ ይጮኻል፤ ነገር ግን ሰፊ ቦታና ትክክለኛ ልክ ይፈልጋል። አምራቹ ያዘዘው ሊትር ሳይታይ በግምት የተሠራ ሳጥን ጥሩውን ዉፈር ያበላሻል።

ነጋዴው «ደንበኛ የሚጠይቀኝ ዋት ነው» ይላል። እውነት ነው። ሆኖም ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሮጌ መኪኖች ምሳሌ እንዳሳየው፣ ገዢ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚከፍለው ይወርዳል፤ መልካሙም ዕቃ ከገበያ ይወጣል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ የስሕተት ግዢ ይበልጥ ያከስራል።

እንግዲህ አርኤምኤሱ፣ ኦሙና የሳጥኑ ሊትር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ወጪው አንድ መስመር ጽሑፍ፣ ትርፉ ተመላሽ ደንበኛ ነው።